አሮጌው ያንሰራራበት ወር

ሌላው ሰው ሥራውን ሲጠየቅ «ነርስ ነኝ»፣ «አናጢ ነኝ» ብሎ ይገላገላል። ይህች ሴት ግን ሥራዋን ለማስረዳት ወንበር ስቦ የሚቀመጥ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ያስፈልጋት ነበር። «ሰዎች በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚጠቀሙ በየወሩ እቆጥራለሁ» ስትል የጠያቂው ዓይን ይፈዛል። «ኮምፒውተር ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ፕሮግራም አለ አይደል? ዓይነቱ ብዙ ነው። የትኛው ከመቶ ስንት ድርሻ እንዳለው…» ብላ ልታብራራ ስትጀምር ደግሞ፣ «እንደው ከተገናኘን አይቀር፣ የኔ ኮምፒውተር ለምንድነው እንዲህ የሚንቀራፈፈው?» ትባላለች። ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

መሥሪያ ቤት «ወይዘሮ ነጥብ» ይሏታል። ቁጥር ስትናገር ከነጥብ በኋላ ያለውን ትንሿን ቁጥር መዝለል አይሆንላትም። አንድ ቀን ሊፍቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ስትጠየቅ፣ ጥግ ላይ የቆመችውን እርጉዝ ሴት አየት አድርጋ «ስድስት ነጥብ ሰባት» ብላለች ተብሎ ተወርቶባታል። ውሸት ነው። ግን ወሬው ስለሚያምር እሷም አላስተባበለችም።

መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሦስት ጠባብ ክፍሎች ነው። ሥራውም ይህ ነው፦ ደንበኛ በሆኑ ድረ ገጾች ውስጥ ትንሽዬ ቆጣሪ ይቀመጣል። ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ቆጣሪው የመጣው ኮምፒውተር በምን ሥርዓት እንደሚሠራ ይይዛል። ወሩ ሲያልቅ ወይዘሮ ነጥብ ሁሉንም ደምራ ከመቶ ታካፍለዋለች። ይኼኛው ይህን ያህል ወጣ፣ ያኛው ያን ያህል ወረደ ብላ አንድ ገጽ ትጽፋለች። ገጹን ጋዜጦች፣ የኮምፒውተር ነጋዴዎችና መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገዙታል።

ችግሩ ቁጥሩ ላይ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ ላይ ነው። ስሙ ሌላ ቢሆንም ሠራተኛው ሁሉ «አቶ ለምን» ይለዋል። ቁጥሩ ከፊቱ ሲቀርብ ገና ሳያነበው «ለምን?» ይላል። «ቁጥር ራቁቱን አደባባይ አይወጣም፤ ምክንያት አልብሺው» ማለት ይወዳል። እሷም በየወሩ ስታለብስ ኖራለች። አዲሱ ሥርዓት በዜሮ ነጥብ ሦስት ሲወርድ «የተጠቃሚው ሥጋት» ትላለች። በሚቀጥለው ወር ያችኑ ዜሮ ነጥብ ሦስት መልሶ ሲወጣ «የተጠቃሚው መተማመን ተመለሰ» ብላ ታስታርቃለች።

የተማረችው ስታቲስቲክስ ነው፤ ይህ እንደማያዋጣ ታውቃለች። አንድ ጊዜም ደፍራ ተናገረች።

«ድርሻ ማለት እኮ አንድ ዳቦ ለብዙ ሰው እንደመቁረስ ነው» አለችው። «አንዱ ተጋባዥ ሲቀር የሌላው ቁራሽ ይተልቃል። ይህን ስናይ 'ሰዎቹ ዛሬ ራባቸው' ማለት የለብንም። እንዲህ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ደግሞ ትንፋሽ ነው፤ የተኛ ሰው ደረትም ከፍ ዝቅ ይላል።»

አቶ ለምን አሰበበት። እውነቱን ለመናገር በደንብ ነው ያሰበበት። ከዚያ «ትንፋሽ ማን ይገዛል?» አላት።

ሌላ ወር ላይ ደግሞ «ያልታወቀ» የሚለው መደብ ሁለት ከመቶ ገባ። ቆጣሪው ምን እንደሆኑ መለየት ያቃተው ኮምፒውተሮች የሚጣሉበት መደብ ነው። አቶ ለምን ወረቀቱን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። «ይሄ 'ያልታወቀ' የሚሉት ሳናስተውለው እየገሰገሰ ነው! ሠሪዎቹን አግኚልኝና ቃለ ምልልስ እናድርግላቸው።»

«ያልታወቀ ማለት እኮ እኛ ያላወቅነው ማለት ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። አዲስ ስለሆነ ነው ያላወቅነው!»

ቤቷ ስትገባም ከዚህ ነገር አታመልጥም። አማቷ አብረዋት ነው የሚኖሩት። ልጃቸው፣ የመኪና መንዳት አስተማሪው ባሏ፣ የደም ግፊት መለኪያ ከገዛላቸው ወዲህ ክንዳቸው ከመሣሪያው ተለይቶ አያውቅም። ጠዋት ይለካሉ፣ ማታ ይለካሉ፤ ለእያንዳንዷ ለውጥ ደግሞ ጥፋተኛ አያጡላትም።

«ትናንት መቶ ሠላሳ ስምንት ነበር፤ ዛሬ መቶ አርባ አንድ ገባ» አሏት አንድ ምሽት። «የላይኛዋ ጎረቤታችን ናት። ደረጃው ላይ ዘግታኝ አለፈች።»

«እማማ፣ ሦስት ቁጥር እኮ ምንም ማለት አይደለም። አሁን ደግመው ቢለኩት ሌላ ይሆናል።»

«ምንም ካልሆነ አንቺ ደሞዝ የሚከፍሉሽ ለምኑ ነው ልጄ?»

ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።

ታዲያ እንዲህ እያለ የሰነበተው ነገር አንድ ወር ላይ ጉድ አፈላ።

አንድ አሮጌ ሥርዓት አለ። ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈ፣ ሠሪው ራሱ «ከእንግዲህ አላውቀውም» ብሎ የካደው ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲወርድ ኖሮ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ወር ግን ወይዘሮ ነጥብ ደምራ ስታካፍል አሥራ አራት ነጥብ ሁለት መጣባት። እንደገና ደመረች፤ ያው ነው። ይህ የትንፋሽ ያህል አይደለም፤ የተኛው ሰው ተነሥቶ ቁጭ አለ።

«ለምን?» አለ አቶ ለምን፤ በዚህ ቀን ግን ጥያቄው ተገቢ ነበር።

«አላውቅም። ከየትኛው ድረ ገጽ እንደመጣ ለያይቼ ልየው። አንድ ሳምንት ስጠኝ።»

«ሳምንት? ጋዜጦቹ ነገ ጠዋት ይፈልጉታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ ትጽፊዋለሽ። ለዛሬው ግን አንድ ነገር በይ።»

አለች። ምሳ ሳትበላ ተቀምጣ፣ ተጠቃሚው በአዲስ ነገር ጋጋታ መሰላቸቱን፣ በየቀኑ ቦታ ከሚቀያይሩ ቁልፎች ሸሽቶ እጁ ወደለመደው፣ ወደማያስቸግረው ወዳጁ መመለሱን ጻፈች። እንደዚያ አምሮላት ጽፋ አታውቅም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ራሷም ሆዷ ባባ። አቶ ለምን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን ጠረገና «ይሄ ነው ልብስ ማለት!» አላት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው፤ ጽሑፉ በማግሥቱ ከእጃቸው ወጣ። ጋዜጦቹ «አሮጌው አንሰራራ» አሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና ሬዲዮውም ተከተለ። አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰው ሲጨንቀው ወደ ልጅነቱ እንደሚሸሽ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። አንድ ጫማ ቤት «እርስዎም ወደለመዱት ይመለሱ» ብሎ ከሁለት ዓመት በፊት ያልተሸጡለትን ጫማዎች መስኮት ላይ ደረደረ። አቶ ለምን ክራባት አስሮ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፤ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መላሽ ሆነ። አማቷ እያዩት፣ «ይሄ ሰውዬ የሚያወራው አንቺ ቤት ውስጥ ያላወራሽንን ነው» ብለው ተቀየሟት።

ወሬው ጋብ ሲል ወይዘሮ ነጥብ ለያይቼ ልየው ያለችውን ለማየት ጊዜ አገኘች። ቁጥሩን በየድረ ገጹ በታተነችው። የዜናው፣ የሸቀጡ፣ የስፖርቱ፣ ሁሉም ገጽ ላይ አሮጌው እዚያው የነበረበት ዘጠኝ ግድም ተቀምጧል፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ከግማሽ በላይ ይዟል። ያ ገጽ የተማሪዎች የፈተና ውጤት የሚለጠፍበት ነው፤ ደንበኛ የሆነውም በዚያው ወር ነበር። የተከፈተበትን ሰዓት አየች። ሦስት ቀን ብቻ፤ ጠዋት ትምህርት ሲጀመር ይጎርፋል፣ ምሳ ላይ ጭር ይላል፣ ከሰዓት እንደገና ይጎርፋል።

ልጆች ናቸው። ውጤት ወጣ ሲባል ትምህርት ቤታቸው ባለው ኮምፒውተር ላይ ተረባርበው፣ ገጹ አልከፈት ሲላቸው ደጋግመው ሲነኩት የዋሉ ልጆች። ማንም ወደማንም አልተመለሰም። ሆዷን ያባባው ያ የተሰላቸ ተጠቃሚ ከነናፍቆቱ አልተፈጠረም።

እፍረት ጆሮዋ ድረስ አጋላት። ቢሆንም ሥራዋ ሥራ ነውና ግምቷን በዓይኗ ለማረጋገጥ በአውቶቡስ መስመሯ ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄደች።

የኮምፒውተር ክፍሉ ምድር ቤቱ መጨረሻ ላይ ነበር። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ጀርባቸው እንደ ሻንጣ የተነፋ ኮምፒውተሮች በላስቲክ ተሸፍነው በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ግራጫ ጋዋን የለበሱ አስተማሪ የአንዱን የቁልፍ ሰሌዳ ገልብጠው አቧራውን ያራግፋሉ። ሰላምታ ተሰጣጡ። ስለ ኮምፒውተሮቹ ልትጠይቃቸው እንደመጣች ነገረቻቸው፤ ከየት እንደመጣች ግን አልተናገረችም።

«ልጆቹ ውጤታቸውን ያዩት በነዚህ ነው?»

«በነዚህ ነዋ። ሦስት ቀን ሙሉ ክፍሉ እንደ አውቶቡስ ተራ ሆኖ ነበር።»

«እነዚህን… ወዳችኋቸው ነው የምትጠቀሙባቸው?»

አስተማሪው የቁልፍ ሰሌዳውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩዋት። «የኔ እመቤት፣ ሌላ ቢኖረን እኮ ይሄን በር መደገፊያ እናደርገው ነበር።» ከዚያ ድምፃቸው ወረድ አለ። «አምስት ዓመት ስንለምን ኖረን ዘንድሮ አዲስ ሊሰጡን ተዘጋጅተው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከትምህርት ቢሮ ተደወለልን። 'ጥናት ወጥቷል፤ ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ወደ አሮጌው እየተመለሰ ነው። እናንተ ባላችሁበት ቆዩ፤ እንዲያውም ቀድማችኋል' አሉን።»

«ቀድማችኋል አሏችሁ?»

«ቀድማችኋል! ጥናቱን ማን እንደጻፈው አላውቅም። አልረግምም፤ አስተማሪ ነኝ። ግን አንድ ቀን እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አንዱን አስነሥቶ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ነጥብ መሄድ ትችል ነበር። አመስግና፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ በመጣችበት አውቶቡስ መመለስ ማለት ነው። እግሯ ግን እምቢ አላት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

አስተማሪው ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ ላስቲኩን ገፈፉ። ከዚያ ወንበሩን በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉላት። «እንግዲያው ይቀመጡ፤ ላስነሣልዎት» አሏት።

ተቀመጠች። ቁልፉ ተጫነ፤ ከሣጥኑ ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚያንኳኳ ድምፅ ተነሣ። እሷ ቆጣሪው እንዴት እንደሚቆጥር፣ ውጤቱ የወጣ ቀን ምን እንደተፈጠረ፣ ያንን ሁሉ ናፍቆት ምሳ ሳትበላ ከራሷ እንዴት እንዳመነጨችው አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ተናግራ ስትጨርስ ስክሪኑ ገና ጥቁር ነበር።

በማግሥቱ አቶ ለምን ቢሮ ገባች። «ማረሚያ እናውጣ» አለችው።

«ማረም ማለት ተሳስተናል ማለት ነው።»

«ተሳስተናላ!»

«ቁጥሩ ተሳስቷል?»

«ቁጥሩ ትክክል ነው። ምክንያቱ ነው የተሳሳተው።»

«እንግዲያው ግማሹ ትክክል ነው» አላት ደስ እያለው። በመጨረሻ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በሚቀጥለው እትም ግርጌ ላይ፣ ጉንዳን በአጉሊ መነጽር በምታነበው ፊደል፣ «የፈተና ውጤት ገጽ በወሩ አኃዝ ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል» የሚል አንድ መስመር ፈቀደላት። ያነበበው ሰው መኖሩ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

እሷ ግን በዚህ አልተመለሰችም። ትምህርት ቢሮ ሄዳ ወደ ዕቃ ግዥ ኃላፊው ገባች። ኃላፊው ፀጉራቸው የተበጠረ፣ ጠረጴዛቸው የጸዳ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ማን መሆኗን ስትነግራቸው ብድግ ብለው ተቀበሏት።

«ጽሑፉን እርስዎ ነዎት የጻፉት? ግሩም እኮ ነው! ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።»

«ስህተት ነው ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«ትሕትናዎ ደስ ይላል።»

«ትሕትና አይደለም፤ ስህተት ነው። አሮጌው ጨምሮ የታየው የእርስዎ ተማሪዎች ስለተጠቀሙበት ነው። የተጠቀሙበትም ሌላ ስላልሰጣችኋቸው ነው። አሁን ደግሞ ስለተጠቀሙበት ሌላ አንሰጥም አላችኋቸው።»

ኃላፊው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ በጥሞና አዳመጡ። ስትጨርስ ግን ፊታቸው ላይ የመጣው ኀዘኔታ ነበር፤ ደክሞት የሚያወራ ሰው ሲያዩ የሚመጣ ዓይነት። «ይኸውልዎት፣ እኛ በስሜት አንሠራም፤ በመረጃ ነው የምንሠራው። አዲስ ቁጥር ሲወጣ እናየዋለን» ብለው እስከ በሩ ሸኟት።

ውሃ ወቀጣ ሆኖባት ተመለሰች።

በሚቀጥለው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆቹ ቤታቸው ገቡ፤ ኮምፒውተሮቹ ላስቲካቸውን ለበሱ። ወይዘሮ ነጥብ ስትደምር አሮጌው ዘጠኝ ነጥብ አራት ሆኖ ተገኘ። ከሄደበት ተመለሰ እንጂ አልወደቀም፤ መጀመሪያም አልወጣማ። አቶ ለምን ግን ወረቀቱን ሲያይ ዓይኑ አበራ።

«ከአሥራ አራት ወደ ዘጠኝ! ለምን?»

«ወደ ቦታው ተመለሰ» አለችው። ከቁጥሩ በቀር አንዲት ቃል ሳትጽፍ ሰጠችው። ምክንያቱን እሱ ራሱ አለበሰው፤ በማግሥቱ «አሮጌው ተንኮታኮተ፤ ሕዝቡ ፊቱን አዞረበት» የሚል ወጣ። ሬዲዮው ያንኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠራ፤ ባለሙያውም ሰው ልጅነቱ ውስጥ ብዙ መቆየት እንደማይችል አስረዳ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ። የዕቃ ግዥ ኃላፊው ናቸው፤ ድምፃቸው ተርበትብቷል።

«እመቤቴ፣ ይህ ቁጥር እውነት ነው? በአንድ ወር አምስት ከመቶ ያህል ወደቀ? ልጆቻችንን በሞተ ነገር ላይ ልናስቀራቸው እኮ ነው!»

እዚህ ላይ ወይዘሮ ነጥብ አፏን ከፈተች። የምትለው ምላሷ ላይ ነበር፦ ይሄም ስህተት ነው፣ ልጆቹ ስለተዘጋባቸው ነው፣ ማንም ፊቱን አላዞረም። ቀጥተኛዋ ሴት ይህን ማለት ነበረባት። ነገር ግን እንደ ወፍጮ የሚያንኳኳው ሣጥንና በእጅጌ የተጠረገው ወንበር ፊቷ ላይ መጡባት።

«ቁጥሩ ዘጠኝ ነጥብ አራት ነው» አለች።

«ዘጠኝ ነጥብ አራት!» አሉ ኃላፊው፤ የሞት መርዶ እንደሰማ ሰው። «በሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ ገባኝ።»

ያን ምሽት ለባሏ ስትነግረው አንድም ውሸት እንዳልወጣት ደጋግማ አስረዳችው። እሱ የተማሪዎቹን መኪና የፍሬን ፔዳል ሲያስተካክል ነበር የዋለው፤ እጁን እየታጠበ ሰማት።

«ፍሬን አለመያዝም መንዳት ነው» አላት። ከዚያ ፎጣውን እያነሣ፣ «ግን ቦታው ላይ ብሆን እኔም አልይዝም ነበር» አለ።

ትምህርት ሲከፈት አስተማሪው ደውለው ጠሯት። ክፍሉ ያው ነው፤ ፍርግርጉ፣ ረድፉ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ግን ስስ አዳዲስ ስክሪኖች ቆመዋል፤ ላስቲካቸው ገና ከጥጋቸው አልተላጠም። አስተማሪው ጋዋናቸውን አሳጥበዋል።

«የጻፉት ነው ያመጣልን» አሏት እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«የትኛው?»

«ሁለተኛው ነዋ። የመጀመሪያውንማ ይቅር ብለንዎታል።»

ሁለተኛውን እሷ እንዳልጻፈችው፣ ጻፈች ቢባልም እውነት እንዳልነበረ ልትነግራቸው ፈለገች። አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ሰውዬው አንዱን ኮምፒውተር ሊያስነሡላት እየተጣደፉ ነበር። ቁልፉን ነክተው ገና «ይዩ…» ሳይሉ ስክሪኑ ፏ ብሎ በራ። ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ።

«የድሮዎቹስ የት ገቡ?» ብላ ጠየቀች ልትወጣ ስትል።

«ራቅ ካለ ትምህርት ቤት መጥተው ወሰዷቸው። እነሱ ጭራሽ አልነበራቸውም። ሲጭኑ የነበራቸውን ደስታ ቢያዩ!»

በዚያ ወር መጨረሻ አሮጌው በዜሮ ነጥብ አንድ ከፍ አለ። ያ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ይሁን፣ ወይስ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ከፍ ዝቅ ማለቱ፣ ወይዘሮ ነጥብ ብትታነቅም ልታውቅ አትችልም። አቶ ለምን ለውጡን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ዓይኑ ሌላ መስመር ላይ ነበር። እሷ ግን ያችን ቁጥር ጽፋ፣ ትንሽ ቆይታ ደግማ አየቻት። ምክንያት አልጨመረችባትም። ቅዳሜ ስለነበር ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ አውቶቡሱ ወረደች።